ሰይጣን አሳሳተው፣ ቅጣቱ ላላ፣ ፊቱ ያስታውቃል

ፒያሳ ላይ የሰው ስልክ ሲነጠቅ ትዕይንቱ ብዙም አይለያይም። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ይቀድማል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሁሉ አንገቱን ያዞራል፤ ወያላው ግማሽ አካሉን ከበሩ አውጥቶ ያያል፤ ነጣቂው ግን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ከዓይን ጠፍቷል። ባለ ስልኩ ባዶ እጁን እያየ ሲቀር ሰልፉ ችሎት ይሆናል። አንዱ «ቅጣቱ ስለላላ እኮ ነው» ይላል። ሌላው «ገና ሲመጣ ፊቱ ያስታውቅ ነበር» ብሎ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነቢይ ይሆናል። አንዲት እናት «ምን ያርግ፣ ሥራ የለ፣ እናት አባት የለ» ብለው ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ከኋላ ያለው ደግሞ «ውሎ ነው! ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ እናውቃለን» ብሎ ሰልፉን ያስቃል። ልጁ ተይዞ ጣቢያ ከገባም የራሱ ማብራሪያ አለው፦ «ሰይጣን አሳሳተኝ»።

ይህ ሰልፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የክሪሚኖሎጂን፣ የወንጀል ጥናትን፣ የመጀመሪያ ጎራዎች በሙሉ ጠርቷቸዋል። በየመማሪያ መጻሕፍቱ እነዚህ ጎራዎች አንዱ ሌላውን እየጣለ እንደመጣ ተደርገው ይቀርባሉ፤ መጀመሪያ ክላሲካሉ (ሰው አመዛዝኖ ይመርጣል የሚለው)፣ ቀጥሎ ፖዚቲቪስቱ (ወንጀለኛውን ራሱን የሚለካው)፣ ከዚያ ሶሲዮሎጂው (ሰፈሩንና ኅብረተሰቡን የሚያየው)። ለእኔ ግን የተሸናነፉ አይመስለኝም። የተጠየቁት ጥያቄ ነው የተለያየው። ሚላኖ ላይ የተጠየቀው «ሕጉ ምን ይምሰል?» ነው፤ ቱሪን ላይ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?»፤ ፓሪስና ቺካጎ ላይ «ለምን እዚህ ሰፈር?»። ጣጣው የሚመጣው የአንዱን መልስ ወስደን ለሌላው ጥያቄ ስንሰጥ ነው። ከዚህ በታች የአውሮፓና የአሜሪካ ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» የተባሉት በእኛ ናቸው።

በሰይጣን እንጀምር፤ ቶሎ ያልቃል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት አውሮፓም ወንጀልን ከኃጢአት ለይታ አታየውም ነበር። መንስኤው ፈተና ነው፣ ምርመራው ማሰቃየት ነው፣ ቅጣቱም በአደባባይ የሚታይ ሥጋ ነው። እኛም ዘንድ ጥያቄው «ለምን ሰረቀ?» ሳይሆን «ማን ሰረቀ?» ነበር። ለዚህም ሌባሻ ነበረ፤ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ጭስ ታጥኖ፣ በመቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። አውጫጭ ከዚህ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ አገሬው ተሰብስቦ ይማማላል፣ ጥርጣሬውን ያወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሌባሻን የተፈሪ መኮንን አስተዳደር አስቀርቶታል። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ግን አልቀረም፤ ዛሬም በእምነት ክህደት ቃል ላይ ይሰማል። ሕጉ አይቆጥረውም። ዳኛ ግን ሰው ነውና ከጸጸት ጋር አያይዞ ሊሰማው ይችላል፤ ጸጸት ደግሞ ሕጉ የሚያውቀው ማቅለያ ነው።

አሁን ወደ ሚላኖ። ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ስለ ወንጀሎችና ቅጣቶች የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ሊቮርኖ ላይ ስሙን ሳያወጣ ያሳተመው በ26 ዓመቱ ነው። እስር ቤት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ እስረኞች የሚያውቀውን ብዙውን የነገረው የእስረኞች ጠባቂ ሹም የነበረው ጓደኛው አሌሳንድሮ ቬሪ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። ከ22 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1786፣ የቶስካናው መስፍን ሊዮፖልድ የሞት ቅጣትን ከግዛቱ አስወገደ። አንድ የሕግ መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት እንዲህ ያለ ነገር ሲያስደርግ ብዙ አይታይም።

የቤካሪያ መነሻ ቀላል ነው። ሰው ደስታና ሕመምን ያመዛዝናል፣ ይመርጣል። ስለዚህ ቅጣት ከወንጀሉ ከሚገኘው ጥቅም በጥቂቱ ቢበልጥ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ጭካኔ ነው። ይህን «ቅጣት ይክበድ» ባዮች ይጠቅሱታል፤ የሚዘሉት ግን ቀጣዩን ነው። ቤካሪያ ቅጣትን የሚለካው በሦስት ነገር ነው፤ በእርግጠኛነቱ፣ በፍጥነቱ፣ በክብደቱ። ከሦስቱ የመጨረሻውን ቦታ የያዘው ክብደቱ ነው። መካከለኛም ቢሆን የማይቀር ቅጣት፣ የማምለጥ ተስፋ ካለበት አስፈሪ ቅጣት ይልቅ ያስፈራል ባይ ነው።

ይህን በፒያሳው ነጣቂ እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ከ100 ንጥቂያ ሁለቱ ብቻ ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው 5 ዓመት ቢታሰሩ፣ በጠቅላላው 120 ወር ነው፤ ለአንድ ንጥቂያ ሲካፈል 1.2 ወር። ከ100 ሃያው ተይዘው እያንዳንዳቸው 6 ወር ቢታሰሩም ያው 120 ወር፣ ያው 1.2 ወር ነው። በሒሳብ እኩል ናቸው። ነጣቂው ግን አማካይ አያሰላም፤ የሚያስበው «እኔ እያዛለሁ ወይ?» ብሎ ነው። በመጀመሪያው አሠራር ከሚያውቃቸው ጓደኞቹ አንድም የገባ ላይኖር ይችላል፤ በሁለተኛው ከአምስቱ አንዱ ገብቶ ወጥቷል። ቤካሪያ ሁለተኛውን የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪውንም አስቡት፤ የመጀመሪያው ሁለት ወጣት ለአምስት ዓመት ያበላሻል፣ ሁለተኛው ሃያውን ያስደነግጣል።

እርግጠኛነት የሚጠፋው የት ነው? ሰንሰለቱን እንቁጠረው። ባለ ስልኩ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት አለበት። ያመለከተው ሰው የሚለይበት ነገር መያዝ አለበት፤ ባለ 15 አሃዙን የስልኩን መለያ ቁጥር አስቀድሞ *#06# ደውሎ ያላስመዘገበ ሰው ስልኩ ቢገኝ እንኳ የእኔ ነው ለማለት ይቸገራል። ከዚያ ተጠርጣሪ መያዝ አለበት። ከዚያ ምስክር በቀጠሮው ቀን መገኘት አለበት። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። አምስት ደረጃ ነው። በየደረጃው ግማሹ ብቻ ቢያልፍ 100 የነበረው 50፣ 25፣ 12፣ 6፣ መጨረሻ ላይ 3 ይሆናል። ቅጣቱን ከ5 ዓመት ወደ 10 ብታሳድጉት ከእነዚህ አምስት ቀለበቶች የትኛውን ነካችሁ? አንዱንም። ምስክር አውቶቡስ ተሳፍሮ እንዲመጣ የሚያደርገው የአጭር ቀጠሮ እንጂ የረዥም እስራት አይደለም።

ይባስ ብሎ፣ የከበደ ቅጣት አንዱን ቀለበት ያላላዋል። «ተዉት፣ ልጅ ነው፤ ለስልክ ብሎ ዕድሜው ይለቅ?» የሚለው የጎረቤት ሽምግልና የሚበረታው ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ነው። እንግሊዝ ይህን በትልቁ አይታዋለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ከ200 በላይ ደርሰው ነበር፤ ከመኖሪያ ቤት የ40 ሺሊንግ ዕቃ የሰረቀ ይሰቀላል። ስለዚህ ዳኝነት የተቀመጡት የአገሬው ሰዎች ዕቃውን 39 ሺሊንግ ብለው ይገምቱት ነበር። ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ 39። ሕጉ ሲጨክን ሰው ይዋሽለታል።

ክብደት ሌላም ወጥመድ አለው። ሁለት የማይመጣጠኑ ወንጀሎች እኩል ከተቀጡ፣ ወንጀለኛው ከትልቁ የሚታቀብበት ምክንያት ያጣል። ስልክ ነጥቆ መሮጥና በስለት ወግቶ መውሰድ በተቀራራቢ ዓመት የሚያስቀጡ ከሆነ፣ የሚያየው ምስክር ለነጣቂው አደጋ ይሆንበታል፤ መውጋቱ ያዋጣዋል። በእኛ የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ ከቀላል እስራት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሲሆን፣ ከባድ ስርቆትና ውንብድና በየራሳቸው አንቀጽ ከፍ ብለው የተቀመጡት ለዚህ ነው። ከታች ያለውን ወደ ላይ በገፋችሁ ቁጥር መሰላሉ ይጠባል።

ነጣቂውን ከበው የሚደበድቡትስ? ቤካሪያ መጽሐፉን ሲዘጋ ቅጣት የግፍ ሥራ እንዳይሆን ስድስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፤ በይፋ የሚፈጸም፣ ፈጣን፣ አስፈላጊ፣ በሁኔታው ከሚቻለው ሁሉ ትንሹ፣ ከወንጀሉ ጋር የተመጣጠነ፣ በሕግ የተደነገገ። የመንጋ ፍርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ያሟላል። ሰው ልቡ ውስጥ «ትክክል ነው» የሚል ስሜት የሚያድርበትም በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ መደበኛው ፍርድ ሁለቱን ሲነፍገው ከመንገድ ይወስዳቸዋል።

የቤካሪያ፣ ማለትም የክላሲካሉ ጎራ ድክመት ሰውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። የ1791ዱ የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ ይህን እስከ ጫፉ ወሰደው፤ ለየወንጀሉ አንድ ቁርጥ ያለ ቅጣት፣ ዳኛ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም።  በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ በችሎት አልሠራም። በ1810 ዝቅተኛና ከፍተኛ ጣሪያ ያለው ቅጣት መጣ። ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ሲገቡበት ኒዮ ክላሲካል ተባለ። የእኛ አንቀጽ 52 ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም ሲል፣ ቀጥሎ ከ9 እስከ 15 ያሉትን ለይቶ ሲያስቀምጥ፣ የዚያው ማለሳለሻ ነው። እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ቤንታምን በአንድ መስመር ማለፍ ግፍ ቢሆንም፣ ደስታና ሕመምን በሰባት መለኪያ ሊያሰላ የሞከረው እሱ ነው፤ ሐሳቡ ከቤካሪያ ብዙ አይርቅም፣ አጻጻፉ ግን ያደክማል።

«ፊቱ ያስታውቃል» ያለው ሰውዬ ጠበቃው የቱሪኑ ፖዚቲቪስት ቼዛሬ ሎምብሮዞ ነው። የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር፤ ወታደሮችን ሲለካ ኖሮ ወደ እስረኞችና ወደ አእምሮ ሕሙማን ዞረ። ከካላብሪያ የመጣ ቪሌላ የሚባል እስረኛ ሲሞት የራስ ቅሉን መረመረ፤ በማጅራቱ በኩል፣ በሌላ ሰው ላይ ጎላ ብሎ የማይታይ፣ በአንዳንድ እንስሳት ግን ያለ ስርጉድ አገኘ። ከዚያች ስርጉድ አንድ ሙሉ ንድፈ ሐሳብ ወጣ፤ ወንጀለኛ ማለት ወደ ኋላ የቀረ፣ ከጥንቱ አውሬያዊ ሰው የተመለሰ ፍጡር ነው የሚል። በ1876 ያሳተመው መጽሐፍ 252 ገጽ ነበር፤ እየታተመ እየታተመ በአምስተኛው እትም ወደ 2,000 ገጽ ተጠጋ። ትልቅ መንጋጋ፣ ወደ ኋላ የተኛ ግንባር፣ እንደ ጀበና እጀታ የወጣ ጆሮ፣ የረዘመ ክንድ፣ ንቅሳት፣ ሕመም አለመሰማት። በኛ አገር ንቅሳት ቢቆጠር ስንት እናቶቻችን ከዝርዝሩ ይገቡ እንደነበር አስቡት።

አማርኛ ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ጨርሶታል፤ ዘር ከልጓም ይስባል።

ስህተቱ የት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ዘረኛ ነበር» ብሎ ማለፍ አያስተምርም። ሎምብሮዞ እስረኞችን ለካ፣ ምልክቶች አገኘ፤ ያልታሰሩትን ግን በእኩል ጥንቃቄ አልለካም። ማነጻጸሪያ የሌለው ልኬት ምንም አያሳይም። ሁለተኛ፣ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ከድሃው ደቡብ ጣሊያን የመጡ ነበሩ፤ እሱ የወንጀለኛ ምልክት ያለው የአንድ አካባቢ ሰዎች መልክ ወይም የረሃብ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ በ1913 ያሳተመው ጥናት ይህን አጣራ። ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ተማሪዎች፣ ከወታደሮች፣ ከሆስፒታል ሕሙማን ጋር አነጻጸረ። የተለየ የወንጀለኛ መልክ አላገኘም፤ እስረኞቹ በቁመትና በክብደት ትንሽ አነስ ማለታቸው ብቻ ታየው። ሎምብሮዞ ራሱም እያደር «በተፈጥሮ ወንጀለኛ» የሚለውን ከወንጀለኞች አንድ ሦስተኛ ገደማ አውርዶት ነበር። ዛሬ የራሱ አጽም ቱሪን በሚገኘው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ቆሟል፤ እንዲያ እንዲሆን የተናዘዘው እሱው ነው።

ግን ፊትን ማንበብ በሳይንስ ሞቶ በመንገድ ላይ አልሞተም። አሠራሩም እንዲህ ነው። ጥበቃው ፀጉሩን ያንጨባረረና ጫማው የተቀደደ ልጅ ሲያይ ያስቆማል፤ ደህና የለበሰውን ያሳልፋል። ከአሥር የተቆሙ ልጆች በአንዱ ኪስ የሰው ስልክ ይገኛል። ካላስቆማቸው ከአሥር ደህና ለባሾች በአንዱም ኪስ ቢኖር አይታወቅም። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲታይ የተያዘው ሁሉ ፀጉረ ጨብራራ ነው። «አላልኳችሁም?» ይላል ጥበቃው። ያየው ግን የወንጀለኛን መልክ ሳይሆን የራሱን ምርጫ ነው። ደህና ልብስ ለብሶ መርካቶ ግርግር ውስጥ የሚገባ ኪስ አውላቂ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ክራቫት የሚያስረው ለዚህ ነው።

የሎምብሮዞ ደቀ መዝሙር ኤንሪኮ ፌሪ ከመምህሩ ይልቅ ይጠቅመናል። መንስኤን በሦስት ከፈለው፤ የሰውየው፣ የተፈጥሮ አካባቢው፣ የኅብረተሰቡ። ከዚያም የቅጣት ምትኮች ያላቸውን ዘረዘረ፤ ከእነሱ መካከል የመንገድ መብራትና ሰፊ ጎዳና ነበሩበት። እስር ቤት ከመገንባት አምፖል መስቀል ይቀድማል እንደማለት ነው። ራፋኤሌ ጋሮፋሎ ደግሞ የወንጀለኛውን አደገኛነት የቅጣት መለኪያ አደረገ። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ልደታ ፍርድ ቤት ስንደርስ እንመለስበታለን።

«ለምን እዚህ ሰፈር?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከሎምብሮዞ በፊት ነው፤ ብዙ መጽሐፍ ግን ከኋላው ያስቀምጠዋል። ፈረንሳይ የ1825ን የወንጀል አኃዝ በ1827 ማተም ስትጀምር ሁለት ሰዎች ተቀመጡበት። አንድሬ ሚሼል ጌሪ በ1833 የፈረንሳይን ክፍለ ሀገሮች በጥላ ደረጃ እያጠቆረ ካርታ ሠራ፤ አዶልፍ ኬትሌ በ1835 ወንጀል ከዓመት ዓመት በሚያስገርም ሁኔታ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደሚመላለስ አሳየ። የወጣት ወንዶች ቁጥር ከፍ ይላል፤ በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል በሞቃቱ ወራት፣ በንብረት ላይ የሚፈጸመው በብርዱ ወራት ይበዛል። ጌሪ ያገኘው ግን ሰውን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ስርቆት የበዛው በድሃዎቹ ሳይሆን በሀብታሞቹ ክፍለ ሀገሮች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚሰረቅ ነገር ያለው እዚያ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው መብዛቱም ወንጀልን አልቀነሰም።

«ድህነት ነው» ያሉት እናት ስለዚህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ድህነት ብቻውን ቢሆን ስልክ የሚነጠቀው በከተማው ጫፍ በነበረ፤ የሚነጠቀው ግን ብሔራዊ ቴአትር፣ ስታዲየም፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ነው፤ ያለውና የሌለው ትከሻ ለትከሻ በሚጋፉበት። የበዓል ዋዜማን ብቻ ማየት ይበቃል፤ ኪስ ሁሉ ብር የያዘበት፣ ዓይን ሁሉ በግ የሚያይበት ቀን።

የሰፈር አኃዝ የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ በአካፋዩ ነው። አንድ ቀበሌ 3,000 ነዋሪ አለው፣ በዓመት 60 ስርቆት ተመዘገበ እንበል። ለ1,000 ሰው 20 ነው፤ አስፈሪ ሰፈር። ግን በቀን 60,000 ሰው የሚያልፍበት ገበያ ከሆነ፣ ለ1,000 የቀን መንገደኛ በዓመት 1 ነው። የተሰረቁት ነዋሪዎቹ አይደሉም፤ የሰረቁትም ላይሆኑ ይችላሉ። ቀበሌው ግን «የሌባ ሰፈር» የሚል ስም ይዞ ይቀራል፤ የዚያ ሰፈር ልጅ ሥራ ሲያመለክት አድራሻው ይመሰክርበታል። ሁለተኛው ስህተት ያልተመዘገበውን መርሳት ነው። ኬትሌ የታወቀውና ያልታወቀው ወንጀል ምጥጥናቸው እንደማይለወጥ አድርጎ ነበር የሠራው። ምጥጥኑ ግን ይለወጣል። ሰፈሩ አጠገብ አዲስ ጣቢያ ሲከፈት የሚያመለክት ሰው ይበዛል፤ በወረቀት ላይ ወንጀል «ጨመረ»። ኢንሹራንስ የማስረጃ ደብዳቤ ሲጠይቅም እንዲሁ። ቁጥር ሲያድግ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን መመዝገብ ጀመረ?» ተብሎ ነው።

ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ዱርኬም በ1895 ወንጀል የሌለበት ኅብረተሰብ የለም፣ ስለዚህ ወንጀል በሽታ አይደለም፣ የተለመደ ክስተት ነው አለ፤ የጻድቃን ገዳም እንኳ የራሱን ጥቃቅን ጥፋት እንደ ወንጀል ይቆጥራል ባይ ነው። ገዳም ያየ ሰው አይከራከረውም።

ቺካጎ ላይ ሶሲዮሎጂስቱ በርጀስ በ1925 ከተማን በክብ በክብ ከፋፈለ። ሾውና ማኬይ በእነዚያ ክቦች ላይ ፍርድ ቤት የቀረቡ ልጆችን መኖሪያ ነጠብጣብ አስቀመጡበት፤ ውጤቱ በ1942 በመጽሐፍ ወጣ። ልብ የሚነካው ግኝታቸው ይህ ነው፤ ከመሃል ገበያው አጠገብ ባለው ሽግግር ላይ ያለ ክብ ውስጥ መጀመሪያ ጀርመንና አየርላንድ፣ ቀጥሎ ፖላንድና ጣሊያን፣ ከዚያም ጥቁር አሜሪካውያን እየተተካኩ ሲኖሩ የልጆች ጥፋት ግን ከዚያው አልተነቃነቀም። ሰፈሩን ለቅቀው የወጡት ልጆቻቸው ተሻሻሉ። ችግሩ ዘሩ ላይ ቢሆን ኖሮ አብሯቸው በሄደ ነበር። ሎምብሮዞን ከጎሪንግ በላይ የጣለው ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱን ሲያስቀምጡ፣ ነዋሪ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር የሰፈሩን ልጅ በስሙ የሚጠራና «የማን ልጅ ነህ?» የሚል አዋቂ ይጠፋል አሉ።

ይህን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣ ክቦቹን እዚያው ትተን ነው። የእኛ ከተማ በክብ አላደገችም፤ ቪላና የቀበሌ ቤት በአንድ አጥር ሲዋሰኑ የኖሩባት ናት። ሐሳቡ ግን ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ፣ በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ስትከተል፣ አንዱን ሥራ ሁለት ጎራ በሁለት ዓይን ያየዋል። ፌሪ መብራቱንና ሰፊውን የእግረኛ መንገድ አይቶ ያጨበጭባል። ሾውና ማኬይ ደግሞ የእድሩን መዝገብ ይጠይቃሉ፤ ድንኳኑ የት ሄደ? ሰብሳቢው የትኛው ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው? ከሰባት ሰፈር ተሰባስቦ በአንድ ብሎክ በገባው ሰው መካከል ደረጃ ላይ የተቀመጠውን ልጅ የሚያውቀው ማነው? ስለዚህ ውጤቱ መለካት ያለበት ፒያሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሰዉ በሄደበትም ነው። የበራው ጎዳና ላይ የቀነሰው ንጥቂያ፣ ባልበራው ጫፍ ላይ በሌላ መልክ ሊበቅል ይችላል።

ሞተር ብስክሌት በ2011 ዓ.ም. ከከተማው ሲታገድ የተሠራው ሥራም ከፌሪ መንገድ የሚቀርብ ነበር፤ ቅጣት አልተጨመረም፣ ሰው አልተመረመረም፣ የማምለጫው መሣሪያ ተወሰደ። የሚቀረው ክርክር በእቃ ማድረስ የሚተዳደረው ሰው ዋጋውን ለምን ከፈለ የሚለው ነው፤ እሱ ግን የክሪሚኖሎጂ ጥያቄ አይደለም።

የጊደሯ ነገር አለ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሰዘርላንድ በ1939 ጀምሮ በ1947 በዘጠኝ ነጥብ ያጠናቀቀው ሐሳብ ከሷ ብዙ አይርቅም፤ ወንጀል ከቅርብ ሰዎች የሚለመድ ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ይጨምርባታል። የሚለመደው እጅ ብቻ አይደለም፣ ምክንያትም ነው። ኪስ የሚያወልቁ ሦስት ልጆች ሲሠሩ አንዱ በትከሻው ይገፋል፣ አንዱ ያወጣል፣ ሦስተኛው ተቀብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ያወጣው ቢያዝ ኪሱ ባዶ ነው። ይህን ለመልመድ ሳምንት ይበቃል። ረዥም ጊዜ የሚወስደው «ያለው ሰው ላይ ነው የወሰድኩት፣ ነገ ሌላ ይገዛል» የሚለውን አምኖ ማደር ነው። ሰዘርላንድ ይህንኑ አስተሳሰብ በ70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ አግኝቶ በ1949 ጻፈው፤ እነሱ የገቡበት ሰፈር ድሃ አልነበረም፣ የራስ ቅላቸውንም የለካው የለም። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለው የተረቱ ሌባም እናቱን የወቀሳት ስላልመታችው ብቻ አይመስለኝም፤ ስትስቅለት ምክንያቱን ሰጠችው።

አሁን ልደታ። የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀል ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ ያደጉበት የስዊስ ሕግ ደግሞ መሠረቱ ካርል ስቶስ በ1893 ያቀረበው ረቂቅ ነው። ስቶስ የሁለቱ ጎራዎች ጦርነት በጋለበት ጊዜ አንድ ብልሃት አመጣ፤ ለጥፋት ቅጣት፣ ለአደገኛነት እርምጃ፣ ሁለቱም በአንድ ሕግ ውስጥ። ዕርቁ በዚያ መንገድ አዲስ አበባ ደረሰ፤ በ1996 ዓ.ም. ሕግም ቀጠለ። አንቀጽ 1ን አንብቡት። ስለ ወንጀልና ቅጣት አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ይህ ካልበቃ መቅጣትና ለሌላው ማስተማሪያ ማድረግ፣ ይህ ቤካሪያ ነው፤ ማረም ወይም ሌላ ወንጀል እንዳይሠራ እርምጃ መውሰድ፣ ይህ ፌሪ ነው። አንቀጽ 88 ላይ ዳኛው ቅጣት ሲወስን የጥፋቱን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የወንጀለኛውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ያነሳሳውን ምክንያት፣ የግል ሁኔታውንና የትምህርት ደረጃውን እንዲያይ ይታዘዛል። አደገኛነት፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ የጋሮፋሎ ቃል። አንቀጽ 82 ከባድ የኑሮ ወይም የመንፈስ ችግርን ማቅለያ ሲያደርግ እናታችን ሰልፉ ላይ ያሉትን ይላል፤ አንቀጽ 84 በቡድን መሥራትን ማክበጃ ሲያደርግ ከጊደሯ ይስማማል።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣውና በ2006 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ ሚዛኑን ወደ ቤካሪያ መለሰው፤ እርከን፣ ሰንጠረዥ፣ ተመሳሳይ ወንጀል ተመሳሳይ ቅጣት። ጥሩ ነው፤ አንድ ስልክ በአንዱ ችሎት ስድስት ወር፣ በሌላው ሦስት ዓመት መሆኑን መከላከል አለበት። ግን ሰንጠረዡ እርከን ሲቆጥር፣ አንቀጽ 88 የሚጠይቃቸው ነገሮች መልስ የሚያገኙት ከማን ነው? ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የቅጣት አስተያየት ይጠየቃል። ዐቃቤ ሕግ ማክበጃውን ያነሳል። ከመከላከያ በኩል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያው ሁለት መስመር ነው፤ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ከዚህ በፊት የወንጀል ሪከርድ የለበትም»። ልጁ ከማን ጋር ይውላል፣ ስንተኛ ክፍል ላይ አቋረጠ፣ ሰፈሩ መቼ ፈረሰ፣ ስልኩን ሊሸጥለት የጠበቀው ሰው ማነው፤ ከሎምብሮዞ መለኪያ እስከ ሾው ነጠብጣብ ድረስ የተለፋበት ሁሉ ይህን ለማወቅ ነበር። መዝገቡ ላይ ቦታ አለው፤ ገጹ ግን ባዶ ነው። ዳኛው እርከኑን ይቆጥራል፣ ለሁለቱ መስመር ትንሽ ይቀንሳል፣ ቀጣዩን መዝገብ ያስጠራል።